ሩዶልፍ ቪርኾ፦ የጉበት ሕዋስና የበርሊን ቦይ

የበርሊን ከተማ የፍሳሽ ማስወገጃ አውታር በመሐንዲሶች ዘንድ የሚታወቀው በጄምስ ሆብሬክት ስም ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ ንድፉን ያወጣውና ሥራውን የመራው እርሱ ነውና። ይሁን እንጂ ያ ንድፍ ከወረቀት ወጥቶ ወደ መሬት እንዲገባ በከተማው ምክር ቤት ለዓመታት የተሟገተለት ሰው መሐንዲስ አልነበረም። አስከሬን በመመርመርና በአጉሊ መነጽር በማየት ዕድሜውን የፈጀ ሐኪም ነበር፤ ስሙም ሩዶልፍ ቪርኾ ይባላል። በሕክምናው ዓለም ደግሞ ይኸው ሰው የሚታወቀው በቦይ ሳይሆን በሕዋስ ነው። ማንኛውም ሕዋስ ከሌላ ሕዋስ እንጂ ከምንም አይወለድም የሚለውን ሕግ የሕክምና ትምህርት መሠረት ያደረገው እርሱ ነው። ዛሬ የታመመን ጉበት በግንድ ሕዋስ ለመፈወስ የሚደክሙ ተመራማሪዎችም፣ ከሞተ ከ120 ዓመት በላይ የሆነውን የዚህን ሰው ጥያቄ ሳይመልሱ ወደፊት መራመድ አልቻሉም። ጥያቄውም ይህ አዲስ ሕዋስ የመጣው ከየትኛው ሕዋስ ነው የሚል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቪርኾ የተወለደው ኦክቶበር 13 ቀን 1821 በፕሩሲያ መንግሥት በፖሜራኒያ ግዛት፣ ሺቬልባይን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከተማዋ ዛሬ ሽቪድቪን ተብላ በፖላንድ ውስጥ ትገኛለች። አባቱ ገበሬና የከተማይቱ ገንዘብ ያዥ ሲሆን፣ ሩዶልፍ ለወላጆቹ አንድያ ልጅ ነበር። የቤተሰቡ አቅም ልጁን በራሱ ወጪ ዩኒቨርሲቲ የሚያኖር ስላልነበረ፣ በ1839 ለጦር ሠራዊት ሐኪሞችን በመንግሥት ወጪ ወደሚያሠለጥነው የበርሊን ተቋም ገባ። በ1843 የዶክተርነት ማዕረግ ተቀብሎ በዚያው ከተማ በሚገኘው በሻሪቴ ሆስፒታል የአስከሬን ምርመራ ክፍል ሥራ ጀመረ።

ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1845፣ በሞት የተለየች አንዲት ሕመምተኛ ደም ከልክ በላይ በነጭ ሕዋሳት ተሞልቶ አገኘና ጉዳዩን በጽሑፍ አወጣ። ዛሬ ሉኪሚያ የሚባለውን ስም ለበሽታው የሰጠው እርሱ ነው። ቀጥሎም በእግር ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ተቆርሶ በደም ጅረት ተወስዶ የሳንባን ደም ሥር እንደሚደፍን በሙከራ አሳየ። በ1847 ደግሞ ከጓደኛው ከቤኖ ራይንሃርት ጋር አንድ የምርምር መጽሔት አቋቋመ። ነባሮቹ መጽሔቶች ጽሑፉን አልቀበልም ቢሉት የራሱን መሠረተ ማለት ነው። መጽሔቱ በስሙ ተሰይሞ እስከ ዛሬ ይታተማል። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 26 ዓመት አልሞላም ነበር።

በ1848 መጀመሪያ ላይ ላይኛው ሲሌዢያ በሚባለው የፕሩሲያ ጠረፍ ግዛት የታይፈስ ወረርሽኝ ተነሣ። መንግሥት ነገሩን መርምሮ እንዲመለስ ወጣቱን ሐኪም ላከው። ቪርኾ በሪብኒክና በፕሌስ ወረዳዎች ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ያገኘው ሕዝብ ፖላንድኛ ተናጋሪ፣ ምርቱ የጠፋበት፣ በረሀብ የተጎዳ፣ ከከብቱ ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል የሚተኛ፣ በማይገባው ቋንቋ የሚዳኝና የሚማር ድኻ ገበሬ ነበር። ሪፖርቱን ያዘዙት ሹማምንት የጠበቁት የመድኃኒትና የአልጋ ዝርዝር ሳይሆን አይቀርም። ቪርኾ ግን ያቀረበላቸው ከዚያ የራቀ ነበር፤ ሕዝቡ በራሱ ቋንቋ ይማር፣ ራሱን ያስተዳድር፣ መንገድ ይሠራለት፣ የግብሩ ሸክም ከድኻው ወደ ባለጸጋው ይዙር የሚል ነበር። በሽታው በቅማል አማካይነት እንደሚተላለፍ የሚያውቅ አልነበረም፤ ይህ የታወቀው በ1909 በሻርል ኒኮል ምርምር ነው። ስለዚህ የሐኪሙ ማስረጃ ጎዶሎ ነበር። ነገር ግን ቅማሉ ለምን በዚያ ሕዝብ ላይ እንደ በዛ ለሚጠይቅ ሰው፣ ሪፖርቱ ዛሬም መልስ አለው።

ከሲሌዢያ በተመለሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ በበርሊን አብዮት ፈነዳ፤ ቪርኾም ከሕዝቡ ጋር በመንገድ መዝጊያ ግንብ ላይ ተሰለፈ። የሕክምና ማሻሻያን የሚሰብክ ሳምንታዊ ጋዜጣም አወጣ። አብዮቱ ሲከሽፍ ግን ቁጣው በእርሱም ላይ ወረደና የሆስፒታል ሥራው ችግር ላይ ወደቀ። በዚህ ጊዜ የባቫሪያው ቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰርነት ወንበር ስለሰጠው በ1849 ወደዚያ ሄደ። ከፖለቲካ ራቅ ብሎ ያሳለፋቸው እነዚያ ሰባት ዓመታት በሳይንስ ሥራው እጅግ ፍሬያማ ሆኑ። በ1850 ሮዘ ማየርን አገባ፤ ስድስት ልጆችም ወለዱ።

የዚያን ዘመን የሕዋስ ትምህርት በአጭሩ መግለጽ ያስፈልጋል። በ1838 ሽላይደን ዕፀዋት፣ በ1839 ደግሞ ሽቫን እንስሳት ከሕዋሳት የተሠሩ መሆናቸውን ገልጸው ነበር። ሕዋሱ ራሱ ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ የሰጡት መልስ ግን፣ ጨው ከውኃ ውስጥ እንደሚረጋ ሁሉ ሕዋስም ቅርጽ ከሌለው ፈሳሽ ረግቶ ይወጣል የሚል ነበር። ይህ አስተሳሰብ ለሐኪሙ ትልቅ መዘዝ ነበረው። እብጠትም ሆነ መግል ወይም ካንሰር ከተበላሸ ፈሳሽ በራሱ የሚፈጠር ከሆነ፣ በሽታው የተነሣበት ቦታ የለውም፤ ሐኪሙም ሊፈልገው የሚችለው ምንጭ የለውም ማለት ነው። ቪርኾ በ1855 ይህን ትምህርት ውድቅ አድርጎ፣ በጤናም በሕመምም ጊዜ ማንኛውም ሕዋስ የሚወለደው ከቀደመው ሕዋስ ብቻ ነው አለ።

እዚህ ላይ መሸሸግ የማይገባው ነገር አለ። ሕዋስ በመከፈል እንደሚራባ በዶሮ ፅንስ ላይ አይቶ በ1852 ያሳተመው ሮበርት ሬማክ የተባለ የፖዝን ተወላጅ ነበር። ሬማክ አይሁዳዊ በመሆኑ በፕሩሲያ ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ፕሮፌሰር ለመሆን ሳይበቃ በ1865 ሞተ። ቪርኾ የሬማክን ሥራ እያወቀ በ1855ቱ ጽሑፉ ውስጥ ተገቢውን ምስጋና አልሰጠውም። የሕጉ ዝና ለአንዱ፣ ድካሙ ለሌላው ሆነ። ቪርኾ በኋለኛው ዘመኑ ለአይሁዳውያን መብት በግልጽ የተከራከረ ሰው ቢሆንም፣ ይህ ጉድለት በመዝገቡ ላይ ይኖራል።

ከጉበት ጋር የተያያዘው አንዱ ግኝቱም የዚያው የ1855 ሥራ ነው። በደቡብ ጀርመን አንዳንድ ሕመምተኞች ጉበታቸው በማር እንጀራ ቅርጽ ተቦርቡሮ ይሞቱ ነበር፤ ሐኪሞችም ነገሩን ከካንሰር ወገን ይቆጥሩት ነበር። ቪርኾ ያንን የጉበት ቁራጭ በአጉሊ መነጽር መረመረና ካንሰር ሳይሆን ከኮሶ ወገን የሆነ፣ ኤኪኖኮከስ የሚባል ትል እጭ መሆኑን አረጋገጠ። የትሉ ዓይነት ትልቁ በቀበሮ አንጀት ውስጥ የሚኖር ነው። ጉዳዩ ለአንባቢ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ የሰውየውን አሠራር የሚያሳይ ግን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ሌሎች በእብጠቱ መልክ ሲረኩ፣ እርሱ እብጠቱ ውስጥ ያለው ነገር የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቀ።

በ1856 በርሊን መልሳ ጠራችው። ለእርሱ ተብሎ የተሠራ አዲስ የፓቶሎጂ ተቋም እንዲሰጠው ጠይቆ ተፈቀደለት። በዚያም ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል 1858 ለሐኪሞች 20 ንግግሮች አደረገ፤ ንግግሮቹ በዚያው ዓመት መጽሐፍ ሆነው ታተሙ። አካል በአንድ ንጉሥ የሚገዛ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ የየራሱ ሕይወት ያለው የሕዋሳት ኅብረት ነው ሲል አስተማረ። ከ1848 አብዮት የወጣ ሰው እንዲህ ያለ ምሳሌ ቢመርጥ አያስደንቅም። በሽታም ከሰው ውጭ ያለ ባዕድ ኃይል ሳይሆን የተለወጠ የሕዋስ ኑሮ ሆነ።

ሕጉ ትክክል ነበር፤ ባለቤቱ ግን ራሱ ያወጣውን ጥያቄ ሁልጊዜ በትክክል አልመለሰም። ቪርኾ በየብልቱ መካከል ተዘርግቶ የሚገኘውን አገናኝ ሕብረ ሕዋስ ለአዳዲስ ሕዋሳት ሁሉ የጋራ እናት አድርጎ ገመተ፤ የቁስል መግልም ካንሰርም ከዚያ ይበቅላሉ አለ። ቲርሽ በ1865፣ ቫልዳየርም በ1867 የቆዳና የእጢ ካንሰር የሚነሣው ከሸፋኙ ሕብረ ሕዋስ ከራሱ መሆኑን አሳዩ። የመግሉን ነገር ደግሞ ያፈረሰው የራሱ ረዳት የነበረው ዩሊዩስ ኮንሃይም ነው። ኮንሃይም በ1867 በእንቁራሪት ደም ውስጥ የቀለም ቅንጣት ጨምሮ፣ ቀለሙን የዋጡት ነጭ ሕዋሳት ከደም ሥር ግድግዳ ሾልከው ወደ ተቆጣው ቦታ ሲሰበሰቡ አየ። ፍሳሽ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ቀለም ጨምሮ የታችኛውን ጉድጓድ የሚጠብቅ መሐንዲስ ዘዴውን ሳይነገረው ይረዳዋል። የመግሉ ሕዋሳት የቦታው ተወላጆች ሳይሆኑ መጤዎች ነበሩ።

በ1868 ሁለት ነገሮች ተከታትለው መጡ። በቩርትስቡርግ የቪርኾ ተማሪ የነበረው ኤርንስት ሄክል የፍጡራን ሁሉ የመጀመሪያ አያት ነው ብሎ ለገመተው ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር ግንድ ሕዋስ የሚል ስም ሰጠ። በኮኒግስበርግ ደግሞ ኤርንስት ኖይማን ደም በአጥንት መቅኒ ውስጥ እንደሚሠራ ገለጸ። ስሙ ከጊዜ በኋላ ከሄክል አሳብ ተለይቶ፣ ራሱን እየተካ ሌሎች የሕዋስ ዓይነቶችን የሚወልድ ሕዋስ መጠሪያ ሆነ። በአዋቂ ሰው አካል ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የታወቀው ግንድ ሕዋስም የኖይማን መቅኒ ውስጥ ያለው ነው።

ይህ ከጉበት ጋር የሚገናኝበት ምክንያት አለ። ጉበት ተቆርጦ መልሶ በማደግ ከሌሎቹ የሰውነት ብልቶች ይለያል። ሂጊንስና አንደርሰን በ1931 እንዳሳዩት፣ ከአይጥ ጉበት ሁለት ሦስተኛው ቢወጣ የቀረው ክፍል በጥቂት ቀናት ወደ ቀድሞ መጠኑ ይቃረባል። ለዓመታት በሄፓታይተስ ቫይረስ፣ በአልኮል ወይም በስብ የተጎዳ ጉበት ግን ጠባሳ በጠባሳ ላይ እየደረበ ይጠጥራል፤ ሲሮሲስ የሚባለው ይህ ነው። ለዚህ ሕመም በመጨረሻ ደረጃው ያለው አስተማማኝ ፈውስ የሌላ ሰው ጉበት መትከል ነው። ቶማስ ስታርዝል በ1963 በዴንቨር ሞክሮ በ1967 ተሳካለት። የሚለገሰው ጉበት ግን ከሚፈልገው ሕመምተኛ ቁጥር ጋር ተመጣጥኖ አያውቅም፤ ወረፋ ሲጠብቁ የሚሞቱት ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ከሕመምተኛው ከራሱ መቅኒ ሕዋስ ቀድቶ ጉበቱን ማደስ ቢቻል ምንኛ ትልቅ ነገር እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

በ1999 የፒትስበርግ ተመራማሪዎች የወንድ አይጥ መቅኒ ለሴት አይጦች ሰጥተው፣ በሴቶቹ ጉበት ውስጥ የወንድ ምልክት የሆነውን ዋይ ክሮሞዞም የያዙ የጉበት ሕዋሳት አገኙ። በ2000 ደግሞ ሌላ ቡድን በዘር በሚወረስ የጉበት በሽታ የሚሞቱ አይጦችን በተጣራ የደም ግንድ ሕዋስ አዳነ። ደስታው ታላቅ ነበር፤ የመቅኒ ሕዋስ ወደ ጉበት ሕዋስነት ይለወጣል ተባለ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2003፣ ሁለት ቡድኖች የቪርኾን ጥያቄ በጥብቅ ጠየቁ። የዳኑት አይጦች ጉበት ውስጥ ያሉት አዳዲስ ሕዋሳት ዘር ሲመረመር የሰጪውም የተቀባዩም ሆኖ ተገኘ። የመቅኒው ሕዋስ የጉበት ሕዋስ አልሆነም፤ ከነባሩ የጉበት ሕዋስ ጋር ተዋሕዶ አንድ ሆነ እንጂ። ቀጥሎ እንደታወቀው የሚዋሐደው በዋነኛነት ግንድ ሕዋሱ ራሱ ሳይሆን፣ ከእርሱ የሚወለደውና ቆሻሻ የሚውጠው ማክሮፋጅ የተባለው የደም ወገን ነበር። ቪርኾ በአገናኝ ሕብረ ሕዋስ የተሳሳተው ስሕተት ማለትም መጤውን ከተወላጅ አለመለየት፣ በተሻለ መሣሪያ ተደገመ ማለት ይቻላል።

ሆኖም ሕክምናው ወደ ሰው አልፎ ነበር። በ2006 የጃፓን ሐኪሞች ሲሮሲስ ካለባቸው ዘጠኝ ሕመምተኞች 400 ሚሊ ሊትር ያህል መቅኒ ቀድተው፣ አጥበው በደም ሥራቸው መለሱላቸው፤ የጉበታቸውም ሥራ መሻሻሉን ዘገቡ። ማነጻጸሪያ ቡድን ግን አልነበረም። ማነጻጸሪያ ያለው የእንግሊዝ ሙከራ ውጤት በ2018 ወጣ። 81 ሕመምተኞች በሦስት ቡድን ተከፍለው፣ አንዱ የተለመደውን እንክብካቤ፣ ሁለተኛው መቅኒን የሚቀሰቅስ መድኃኒት፣ ሦስተኛው ከመድኃኒቱ ጋር ከራሱ የተጣሩ ግንድ ሕዋሳት ተሰጠው። የጉበት ሥራ መለኪያው በየትኛውም ቡድን የተለየ መሻሻል አላሳየም፤ ከባድ የጤና እክልም ግንድ ሕዋስ በወሰዱት ላይ በዝቶ ታየ። ይህ ሳይነገራቸው በልዩ ልዩ አገሮች ገንዘባቸውን ከፍለው የግንድ ሕዋስ መርፌ የሚወጉ የጉበት ሕመምተኞች መኖራቸው ያሳዝናል።

ተስፋው አልተዘጋም፤ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ጉበት ሲቆረጥ የሚያድገው በአመዛኙ ነባሮቹ የጉበት ሕዋሳት ራሳቸው ተከፍለው ነው። እነርሱ መከፈል ሲያቅታቸው፣ የኤዲንብራ ተመራማሪዎች በ2017 በአይጥ እንዳሳዩት፣ የሐሞት ቱቦ ሕዋሳት ተለውጠው የጉበት ሕዋስ ሊተኩ ይችላሉ። በ2021 ደግሞ የካምብሪጅ ቡድን ከሰው የሐሞት ከረጢት የተወሰዱ ሕዋሳትን በቤተ ሙከራ አራብቶ፣ ለንቅለ ተከላ ብቁ ባልሆኑና ከሰውነት ውጭ በማሽን ደም በሚዘዋወርላቸው የሰው ጉበቶች ቱቦ ውስጥ በመርጨት የተጎዳውን ቱቦ ለመጠገን ቻለ። ማክሮፋጅም ቢሆን በራሱ ስም ተጠርቶ፣ ጠባሳን ስለሚያሟሟ፣ በሲሮሲስ ሕመምተኞች ላይ መሞከር ጀምሯል። እያንዳንዱ ሕዋስ ምንጩ ታውቆ በሚችለው ሥራ ሲሰማራ ማለት ነው።

ወደ ቪርኾ ሕይወት እንመለስ። በ1859 የበርሊን ከተማ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ፤ ከዚያም እስከ ዕለተ ሞቱ ለ43 ዓመታት ከወንበሩ አልተነሣም። በርሊን ያን ጊዜ በፍጥነት የምታድግ ከተማ ነበረች፤ በ1871 ሕዝቧ ከ800,000 በላይ ደርሶ ነበር። ከተማይቱ የተቀመጠችው ሜዳ ላይ ሲሆን፣ ሽፕሬ ወንዝም ዝግ ብሎ የሚፈስ ነው። የየቤቱ እዳሪ በጓሮ ጉድጓድ ይጠራቀም፣ የወጥ ቤቱ እጣቢ በመንገድ ዳር ባለ ክፍት ቦይ ይፈስ ነበር። በ1856 አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ የቧንቧ ውኃ ሲያስገባ ነገሩ ባሰ፤ ውኃ በቧንቧ ገብቶ መውጫ ስላልነበረው ቦዩ ሞልቶ ያጥለቀልቅ ጀመር። መግቢያውን ሠርቶ መውጫውን መርሳት ለሙያው እንግዳ ነገር አይደለም።

በ1861 ቪቤ የተባለ መሐንዲስ ፍሳሹን ሁሉ በአንድ ትልቅ ቦይ ሰብስቦ ከከተማው በታች ወደ ሽፕሬ መልቀቅ የሚል ንድፍ አቀረበ። ሌሎች ደግሞ እዳሪው ለእርሻ ማዳበሪያ ስለሚጠቅም በበርሜል ተጭኖ ይወሰድ አሉ። ክርክሩ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ። ነገሩን እንዲያጠና የተቋቋመውን ኮሚሽን የማጥናትና የማስረዳት ሥራ የያዘው ቪርኾ ነበር። ኮሚሽኑ በወሬ አልተወሰነም፤ የከርሰ ምድር ውኃ ከፍታ ተለካ፣ የወንዙ ውኃ ተመረመረ፣ የሞት መዝገብ ተገለበጠ፣ ፍሳሽ በማሳ ላይ ለሙከራ ተለቀቀ።

ሆብሬክት ያወጣው ንድፍ ሁለቱንም ወገን የሚያስታርቅ ሆነ። ከተማይቱን በ12 ክፍሎች ሸነሸናት። የየክፍሉ ዝናብና ፍሳሽ በአንድ የጡብ ቦይ፣ በመሬት ስበት ብቻ፣ ወደ ክፍሉ ዝቅተኛ ቦታ ይወርዳል፤ እዚያ የተተከለው የእንፋሎት ፓምፕ ፍሳሹን ስቦ በብረት ቧንቧ ከከተማ ውጭ ወዳለው እርሻ ይገፋዋል። አንድ ትልቅ ቦይ በሜዳ ላይ ይህን ያህል ርቀት ለመሄድ የሚጠይቀውን ጥልቀት ንድፉ አስቀረው፤ አንዱ ክፍል ቢበላሽም ሌሎቹ ይሠራሉ፤ ከተማይቱ ስታድግ ደግሞ አዲስ ክፍል ይጨመራል። ወንዙም ከአብዛኛው ፍሳሽ ተረፈ። ቪርኾ በዚህ ንድፍ ተማርኮ ሪፖርቱን ደግፎ አቀረበ፤ ምክር ቤቱም በ1873 አጸደቀው፤ ቁፋሮውም በዚያው ዓመት ተጀመረ። ቤቶች ከቦዩ ጋር እየተያያዙ ሲሄዱ በታይፎይድ የሚሞተው ሰው ቁጥር ወረደ። ከተማይቱ የገዛቻቸው የፍሳሽ እርሻዎች ግን በሃያኛው መቶ ዘመን የፋብሪካ ፍሳሽ በተቀላቀለበት ጊዜ አፈራቸው በከባድ ብረቶች ተበክሎ ሥራቸው ቆሟል፤ ንድፉ የተሰላው ለቤት ፍሳሽ ነበርና።

ስለ ቀሪው የሕዝብ አገልግሎቱ በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። የአሳማ ሥጋ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት በአጉሊ መነጽር እንዲመረመር ያደረገው ጥረት፣ በከተማይቱ የመጀመሪያው የማዘጋጃ ቤት ሆስፒታል በፍሪድሪሽስሃይን በ1874 እንዲከፈት መሟገቱ፣ በፕሩሲያ ፓርላማ የቢስማርክ ኃይለኛ ተቃዋሚ መሆኑ ይታወቃሉ። በ1865 ቢስማርክ ለፍልሚያ ጠርቶት ቪርኾ አልፈልግም አለው። መሣሪያው የተመረዘ ቋሊማ እንዲሆን ጠየቀ የሚባለው ወሬ ግን ማስረጃ የለውም። በአንትሮፖሎጂም ከ6 ሚሊዮን በላይ የጀርመን ተማሪዎችን የዓይን፣ የጠጉርና የቆዳ ቀለም አስቆጥሮ በ1886 ውጤቱን ሲያወጣ፣ ንጹሕ የጀርመን ዘር የሚባለው ነገር በቁጥር አልተገኘም።

ግትርነቱም ከዕድሜው ጋር አደገ። የዜመልቫይስን እጅ የመታጠብ ትምህርት ተቃውሞ ነበር። ኮኽ በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ሲያሳይ፣ በሽታን ሁሉ ለጀርም መስጠትን በጥርጣሬ ተመለከተ። በ1872 የኒያንደርታሉን የራስ ቅል አይቶ የጥንት ሰው ሳይሆን የታመመ ሰው አጥንት ነው ብሎ ፈረደ። በ1887 ከአልጋ ወራሹ ከፍሪድሪክ ጉሮሮ የተቆረጠውን ሥጋ መርምሮ ካንሰር አላገኘበትም፤ ልዑሉ ነግሦ ሳይቆይ በ1888 በዚያው የጉሮሮ ካንሰር ሞተ። ቪርኾ የፈረደው በተላከለት ቁራጭ ላይ ብቻ ስለነበር ስሕተቱን ሁሉ ለእርሱ መስጠት አይገባም፤ ቁራጩ ከየት ቦታ እንደ ተወሰደ ግን የራሱ ትምህርት እንዲጠይቅ ያስገድደው ነበር።

በ1899 ዕድሜ ልኩን የሰበሰባቸው በሽታ የነካቸው ብልቶች የሚታዩበት ቤተ መዘክር በሻሪቴ ግቢ ተከፈተለት። ጃንዋሪ 4 ቀን 1902 የ80 ዓመቱ ሽማግሌ በላይፕዚግ ጎዳና ላይ ገና ካልቆመ የኤሌክትሪክ ትራም ሲወርድ ወድቆ የጭኑ አጥንት ተሰበረ። ለወራት ተኝቶ ታከመ፤ ግን አልዳነም። ሴፕቴምበር 5 ቀን 1902 በበርሊን ሞተ፤ ከተማይቱም በራሷ ወጪ ቀበረችው። የቦዮቹ መሐንዲስ ጄምስ ሆብሬክት በዚያው ከተማ በሦስተኛው ቀን፣ ሴፕቴምበር 8፣ ተከተለው።